እጅና ማጭድ
ቤት የሌለው ሰው ለመኖር ሲል ስለሚሠራው በደልና ስለ ወኅኒ

በኦሪት ዘዳግም፣ በ23ኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ስለ ወይን ቦታና ስለ እርሻ የተደነገጉ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። ሲነበቡ እንሰማቸዋለን፤ ቆመን የምንመረምራቸው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወደ ባልንጀራው የወይን ቦታ የገባ ሰው እስኪጠግብ ድረስ ከፍሬው ይበላ ዘንድ ተፈቅዶለታል፤ በዕቃው ጨምሮ ይወስድ ዘንድ ግን አልተፈቀደለትም። ወደ ባልንጀራው እርሻም የገባ እንደ ሆነ እሸቱን በእጁ ሊቀጥፍ ይችላል፤ ማጭድ ግን ሊያነሣበት አይገባውም። እርሻው የባልንጀራው መሆኑን ሕጉ አልካደም፤ የባለቤቱን መብት ለመጠበቅ ሲልም ዕቃንና ማጭድን ከልክሏል። ነገር ግን ራብ ገፍቶት እጁን የዘረጋውን ሰው ሌባ ብሎ አልጠራውም። የጌታችን ደቀ መዛሙርት በእርሻ መካከል ሲያልፉ ርቧቸው እሸት የቀጠፉት በዚሁ ሕግ ላይ ቆመው ነው። ፈሪሳውያንም እንኳ የከሰሷቸው ሰንበትን ሻራችሁ ብለው እንጂ ሰረቃችሁ ብለው አልነበረም (ማቴ. 12፥1-2)። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ክስ ለመፈለግ ዐይናቸውን የከፈቱ ሰዎች ያላነሡት ክስ ነውና።

ይህን ለመነሻ ያመጣነው ዛሬ በብዙ አገሮች አንድ ጥያቄ ስለ ተነሣ ነው። ቤት የሌለው፣ በመንገድ ዳር ወይም በድልድይ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ የሚያድር ሰው፣ ለመኖር ሲል ያደረገው ነገር ሕግን ሲያፈርስ፣ ይኸውም ዳቦ ሲያነሣ፣ በተከለከለ ቦታ ሲተኛ፣ ከብርድ የሚከልለውን ጨርቅ ሳያስፈቅድ ሲወስድ፣ ወደ ወኅኒ ሊወርድ ይገባዋልን? ይገባዋል የሚሉት ሁሉ ክፉዎች አይደሉም፤ ከመካከላቸው ጾምና ጸሎት የሚያዘወትሩ፣ ምጽዋትም የሚሰጡ አሉ። እኛም ራሳችን ከእነርሱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ የፈረምንበት ጊዜ ነበረ፤ እርሱንም ወደ ኋላ እንናገረዋለን።

አስቀድመን በኢጣልያ የተደረገውን እንመልከት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በጄኖቫ ከተማ አንድ መጠለያ የሌለው ሰው ወደ ምግብ መደብር ገባ። ጥቂት ደረቅ ዳቦ ገዝቶ ዋጋውን ከፈለ፤ ከዚያ ጋር ግን ዐይብና ቋሊማ በኪሱ ሸጉጦ ነበረ። ሌላ ገበያተኛ አይቶ ለመደብሩ ሠራተኞች ነገረበትና ተያዘ። የዕቃው ዋጋ በጠቅላላው 4 ዩሮ ከ7 ሳንቲም ነበረ። ስለዚህ የስድስት ወር እስራትና የ100 ዩሮ መቀጮ ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፍርዱን አጸናው። እንደዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ነገሩ ወደ ሮም፣ ወደ ሰበር ፍርድ ቤቱ ደረሰ። የሚያስገርመው ይግባኙን ያቀረበው ዐቃቤ ሕጉ መሆኑ ነው። የጠየቀውም ሰውየው ከመደብሩ ሳይወጣ ስለ ተያዘ ወንጀሉ የስርቆት ሙከራ ተብሎ ቅጣቱ እንዲቀልለት ብቻ ነበረ። ዳኞቹ ግን ከተጠየቁት አልፈው ፍርዱን በሙሉ ሻሩት። የማይቈይ ራቡን ለማስታገስ ጥቂት ምግብ ያነሣ ሰው ይህን ያደረገው ችግር አስገድዶት ነውና ድርጊቱ ወንጀል አይሆንም አሉ።

ጋዜጦች ይህን እንደ አዲስ ነገር አወሩት። ኦሪትን ለሚያውቅ ሰው ግን አዲስነቱ እምብዛም ነው። ኪስ ዕቃ አይደለምን? ብሎ የሚከራከር ቢነሣ፣ በመደብር ውስጥ ቆሞ መብላት ቢቻል ኖሮ ኪስ ባላስፈለገው ነበር ብለን እንመልስለታለን።

በአሜሪካ ነገሩ ወደ ሌላ ወገን አመራ። በኦሪገን ክፍለ ግዛት ግራንትስ ፓስ የምትባል፣ 38 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ቤት የሌላቸው ሰዎች በአንዳንድ ቀን እስከ 600 ይደርሱ እንደ ነበረ በፍርድ መዝገብ ተጽፏል። ከተማይቱ በመናፈሻዎቿና በመንገዶቿ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ትራስ ወይም የመኝታ ከረጢት ዘርግቶ ማደርን ከለከለች። መነሻው 295 ዶላር መቀጮ ነበረ፤ ደጋግሞ የተገኘ ሰው ከመናፈሻው ይታገዳል፤ እገዳውን ጥሶ የተገኘ ደግሞ እስከ 30 ቀን እስራትና እስከ 1,250 ዶላር መቀጮ ይጠብቀው ነበር። ሁለት መቶ ዘጠና አምስት ዶላር የሚከፍል ሰው በመናፈሻ ለምን ያድራል? ብሎ የጠየቀ ሰው በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ሳይኖር አልቀረም፤ ሕጉ ግን ጸደቀ።

ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእነርሱ አቆጣጠር ጁን 28 ቀን 2024 ዓ.ም.፣ ስድስት ዳኞች ለከተማይቱ ሲፈርዱ ሦስቱ ተቃወሙ። የስድስቱ አሳብ ባጭሩ ሕጉ የሚቀጣው ሥራን እንጂ ቤት አልባ መሆንን አይደለም የሚል ነበረ። ለሽርሽር የወጣ መንገደኛም፣ ለተቃውሞ ድንኳን የተከለ ተማሪም ቢገኝ በዚሁ ሕግ ይቀጣልና፣ ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣትን የሚከለክለው የሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ አልተጣሰም አሉ። የሦስቱን አሳብ የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ግን እንቅልፍ የሥጋ ግዴታ እንጂ ወንጀል አይደለም ሲሉ ተከራከሩ።

እኛ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ልንተረጕም አልተሾምንም፤ ስድስቱ ዳኞች የአገራቸውን አንቀጽ በትክክል አንብበውት ሊሆን ይችላል። ሕግ ለሁሉ እኩል ነው ማለትም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ቤት ያለው ሰው በመናፈሻ ቢተኛ ሲከለክሉት ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቤት የሌለው ሲከለክሉት ወደ ሌላ የተከለከለ ቦታ ይሄዳል። በኦሪት ዘጸአት በ22ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ስለ መያዣ ሲያዝ፣ የድኻ ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳይገባ እንዲመልስለት አዘዘ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ ያ ልብስ የድኻው ብቸኛ መሸፈኛው መሆኑን አሳሰበና ታዲያ በምን ይተኛል ሲል ጠየቀ። ባለዕዳ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ውሉም ትክክል ነው፤ ሌሊቱ ግን ከውሉ በላይ ሆነ። የግራንትስ ፓስ ሕግ ሰውን የሚጠይቀው ለምን በብርድ ልብስ ተኛህ ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ከአንድ ልብ ሊወጡ አይችሉም።

ስለዚያች ከተማ ሌላም የምንናገረው አለ፤ ብንተወው ለራሳችን ወገን ማዳላት ይሆንብናል። መቶ ያህል አልጋ የነበረው አንድ የክርስቲያኖች ማደሪያ በዚያ ነበረ። ነገር ግን በእርሱ ለማደር ሰው በመንፈሳዊ ጉባኤያቸው መገኘት፣ ትንባሆ መተው፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስድስት ሰዓት በሥራ ማገልገል ነበረበት። ሥራም ጸሎትም መልካም ናቸው። ሆኖም ጌታችን በምድረ በዳ አምስቱን ሺህ ሲመግብ በሣሩ ላይ እንዲቀመጡ ብቻ አዘዘ እንጂ ማን እንደሚያምንና ማን እንደማያምን አላስመረመረም። በስብከት ላይ ካልተገኘ በቀር አያድርም የተባለ ሰው ውጭ አድሮ ቢታሰር፣ ከመፍረድ በፊት በር የዘጋው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በአሜሪካ ያሉት አጥቢያዎቻችንም ይህን የሩቅ ወሬ ሊያደርጉት አይችሉም፤ እነርሱም አዳራሽ አላቸው፤ አዳራሹም ከእሑድ እስከ እሑድ ተዘግቶ የሚሰነብትበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጡ ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ቢነበቡ ብዙ ያስተምራሉ። አንደኛው አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 384 ነው። አዋጁ ለመሥራት እየቻሉ የሚታወቅ መተዳደሪያ ሳይኖራቸው በውስጡ የተዘረዘሩትን ድርጊቶች የሚፈጽሙትን ይመለከታል፤ በዚህ የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅም ደንግጓል። ሁለተኛው የወንጀል ሕጉ ነው፤ በ75ኛው አንቀጹ ላይ ከቅርብና ከከባድ አደጋ ለመዳን ሌላ መንገድ ያጣ ሰው፣ ከችግሩ ጋር የሚመጣጠን ነገር ቢያደርግ እንደማይቀጣ ይናገራል። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሕጎች ናቸው። የመጀመሪያው የሰፈርን ሰላም ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑን አንክድም፤ ቢሆንም የሚታወቅ መተዳደሪያ የሌለው የሚለው ቃል ሰነፉንም የተቸገረውንም በአንድ መረብ ሊይዝ ይችላል። ስንፍናና እጦት ከውጭ ለሚያያቸው ሰው አንድ መልክ አላቸውና። ሁለተኛው አንቀጽ ግን ዳኛውን ቆም ብለህ መርምር ይለዋል፤ ሌላ መንገድ ነበረውን? የወሰደውስ ከችግሩ ይበልጣልን? ይህ እጅና ማጭድን የመለየት ሥራ ነው።

አሁን ከላይ የጀመርነውን የራሳችንን ነገር እንግለጥ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጾመ ፍልሰታ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ደብር፣ ከምሥራቁ በር አጠገብ ያድር የነበረ አንድ ወጣት፣ ከዕቃ ቤቱ በረንዳ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን አሮጌ ምንጣፍ ወስዶ ተሸፍኖበት ሲያድር ተገኘ። ምንጣፉ ከቅድስት ወጥቶ በአዲስ ከተተካ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ዘበኛው ልጁን ያዘው፤ የሰበካው ጉባኤም ተሰበሰበ። ክፉ ጉባኤ አልነበረም፤ በአባላቱ መካከል ለቤተ ክርስቲያን ዕድሜያቸውን የሰጡ ሽማግሎች ነበሩ። አንደኛው፣ የቤተ መቅደስ ንብረት ስለ ሆነ ነገሩ ተራ ስርቆት አይደለም አሉ። ሌላው፣ ዛሬ ምንጣፍ ብንለቅ ነገ ጽናውና መስቀሉ ይወጣል አሉ። ሦስተኛው ባለፈው ዓመት ከሙዳየ ምጽዋት የጠፋውን ገንዘብ አነሡ፤ ያን ይህ ልጅ እንደ ወሰደው ግን የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ የክስ ወረቀት ተጻፈ፤ እኛም ፈረምን።

በፖሊስ ጣቢያ ልጁ የተናገረው «አባቶቼ፣ ዝናብ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። አልካደም፤ ሙግትም አላበዛም። ምንጣፉ ኤግዚቢት ሆኖ ከልጁ ጋር ገባ፤ ከልጁ ቀድሞም ወጣና ወደዚያው በረንዳ ተመልሶ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ልጁ በተፈታ ጊዜ ወደ ምሥራቁ በር አልተመለሰም፤ የት እንደ ገባም አላወቅንም። ከጸሎተ ፍትሐት በቀር ከዚያ በር ደጅ ርቆ የማያውቅ ልጅ ነበረ፤ ሬሳ ለመሸኘት ይከተል ነበርና። በዚያ ስብሰባ ላይ ታዲያ በምን ይተኛል የሚለውን የኦሪት ጥያቄ ያነሣ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ኦሪትን የተማርን ግን ብዙዎች ነበርን።

የቤተ መቅደስ ንብረት ነው ለሚለው ምክንያት መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ ርቦት ወደ ኖብ በመጣ ጊዜ ካህኑ አቢሜሌክ ከካህናት በቀር ሌላ የማይበላውን የተቀደሰ ኅብስት ሰጠው (ሳሙኤል ቀዳማዊ 21)። ካህኑ ስለ ሰዎቹ ንጽሕና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ ሰጠ። ጌታችንም እሸት የቀጠፉትን ደቀ መዛሙርት ሲጠብቅላቸው ያመጣው ምስክር ይኸው የዳዊት ነገር ነው። የኢየሩሳሌሙ ቅዱስ ቄርሎስ በራብ ዘመን የቤተ ክርስቲያንን ንዋያትና አልባሳት ሸጦ ድኾችን መገበ፤ ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን እንደ ጻፈው ይህ ሥራው ጠላቶቹ ከመንበሩ ሊያወርዱት ካመጡበት ክስ አንዱ ሆነ። እንግዲህ ለድኻ ሲሉ በንዋየ ቅድሳት መከሰስ ለቅዱሳን እንግዳ ነገር አልነበረም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ክርስቶስን በመቅደስ ውስጥ በሐር ልብስ እያከበሩ በውጭ በብርድ የሚሰቃየውን እርሱን ቸል እንዳይሉ ምእመናኑን አጥብቆ ገሠጸ። የእኛ ምንጣፍ ደግሞ ሐር እንኳ አልነበረም።

ክርክሩን ግን ከዚህ ላይ አቁመን አሸነፍን ብንል ሐሰት ይሆንብናል። የሚወሰደው ዳቦ ሁልጊዜ የትልቅ መደብር አይደለም። ሌሊት ተነሥታ ሃያ እንጀራ ጋግራ በማለዳ በጕልት የምትሸጥ እናት አለች። ከሃያው ሁለቱ ቢነጠቁባት የዚያ ቀን ትርፏ ጠፍቷል፤ እርሷም ብትሆን ለቤት ኪራይ አንድ ወር ከቀራት ወደ መንገድ የምትወጣ ናት። ለእርሷ ተርቦ ነው፣ ይቅር በዪው ብሎ መሄድ በሌላ ሰው መሶብ መመጽወት ነው። የኦሪት ሕግ የእርሻን ዳርና ዳር ሳያጭዱ፣ ቃርሚያውንም ሳይለቅሙ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተዉ ያዘዘው እርሻ ያላቸውን ነው (ዘሌ. 19፥9-10)። ከሩት ቃርሚያ ላይ ሌላ ድኻ እንዲቃርም አላዘዘም።

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ 6፥30-31 ይህን ሁለት ወገን ያለውን ነገር በአንድ ቦታ አስቀምጦታል። ርቦት ነፍሱን ለማጥገብ የሰረቀውን ሰው ሰዎች አይንቁትም ይላል፤ ወዲያውም የተያዘ እንደ ሆነ ሰባት እጥፍ ይከፍላል፣ የቤቱንም ሀብት ሁሉ ይሰጣል ይላል። አንዳንዶች የፊተኛውን ብቻ ይዘው ሁሉን ይፈታሉ፤ ሌሎች የኋለኛውን ብቻ ይዘው ሁሉን ያስራሉ። ሁለቱን አብሮ የሚይዝ ግን ንቀት እንደ ተነሣለት፣ ዕዳ ግን እንዳልተነሣለት ያስተውላል። ዕዳውም የሚከፈለው ለተበደለው ሰው ነው። በኦሪት ሕግ ለስርቆት የተደነገገው ቅጣት መክፈል ነው እንጂ በወኅኒ መቀመጥ አይደለም። እርግጥ ነው፣ የሚከፍለው የሌለው ሌባ ስለ ሰረቀው ይሸጥ የሚል በዘጸአት 22 አለ፤ ይህን ደብቀን አናልፍም። ነገር ግን የተሸጠው ወንድም በሰባተኛው ዓመት ነጻ ሲወጣ ባዶ እጁን እንዳይሰድዱት፣ ከመንጋው፣ ከዐውድማውና ከመጥመቂያው እንዲሰጡት በዘዳግም 15 ታዟል። በዳዩ እንኳ ከቅጣቱ ሲወጣ ለመነሻ የሚሆነው ነገር ይዞ እንዲወጣ ሕጉ አስቧል።

የእኛን ወኅኒ ከዚህ ጋር እናስተያየው። እንጀራዋን የተነጠቀችው እናት ከልጁ መታሰር አንድ ሳንቲም አታገኝም፤ እንዲያውም ለምስክርነት ስትመላለስ ሌላ የገበያ ቀን ይቃጠልባታል። ልጁ በደጅ የተከለከለውን እንጀራ በወኅኒ ውስጥ በሕዝብ ገንዘብ ይበላል። ቀኑ ሲሞላ በሩ ይከፈትለታል፤ የሚወጣውም ባዶ እጁን፣ ታስሮ ነበር ከሚል ስም ጋር ነው። ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ ስሙ ይቀድመዋል፤ ቤት ሊከራይ ሲሄድ ዋስ ያጣል። በዚያ ምሽት የሚያድረው ከመታሰሩ በፊት ባደረበት ድንጋይ ላይ ነው፤ ነገ የሚርበውም ትናንት የራበው ራብ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማን ተካሰ? ማንስ ታረመ?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏልና ይህ ሁሉ ለሰነፍ መሟገት ነው የሚሉ አሉ። ሐዋርያው የጻፈው (2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10) ስለማይወድ ሰው ነው፤ ስላላገኘ ሰው አልጻፈም። አለመውደዱንም ለማወቅ አስቀድሞ ሥራ ሰጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ይልቅስ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ራብ ምክንያት ከሆነ ሁሉ ርቦኝ ነው ቢልስ? ለዚህ ነው የኦሪቱን ማጭድ አጥብቀን የያዝነው። ስልክ ነጥቆ የሚሸጥ፣ በሌሊት ቍልፍ የሚሰብር፣ በስለት የሚያስፈራራ ሰው ቤት ባይኖረውም ማጭድ ይዟል፤ ለእርሱ አንከራከርም፤ ሰፈር ከእርሱ የመጠበቅ መብት አለው። ደግሞ በመካከል ያለ አለ፤ ለምሳሌ ጫማ ሰርቆ ሸጦ በዋጋው ዳቦ የገዛ። ይህን በአንድ ቃል ልንበይነው አንችልም። የወንጀል ሕጉ እንደሚለው ሌላ መንገድ እንደ ነበረውና መጠኑንም እንዳለፈ ዳኛው ፊቱን እያየ ይመርምር። ሦስቱን ሁሉ በአንድ ሰንሰለት ማሰር ግን ከመመርመር ድካም መሸሽ ነው።

ሌላ መንገድ ነበረውን የሚለው ጥያቄ ወደ ዳኛው ከመድረሱ በፊት ወደ እኛ ይደርሳል፤ የዚያን ሰው ሌላ መንገድ የምንሠራው ወይም የምንዘጋው እኛ ነንና። በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ጽኑ ራብ በሆነ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ጎተራቸውን ለዘጉ ባለጠጎች ሰበከ። የያዙት ዳቦ የራብተኛው፣ በሣጥን ያኖሩት ልብስ የታረዘው መሆኑን እየነገራቸው የሌባን ስም ከደጁ አንሥቶ ወደ ጎተራው አዞረው። ይህ ስብከት በመድረካችን ላይ ብዙ ጊዜ ተደግሟል። ባስልዮስ ግን በስብከቱ አልቆመም፤ የራሱን ርስት ለድኾች አዋለ፤ ኋላም ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ማደሪያ ሠራ፤ ቦታውም በስሙ ባስልያስ ተባለ። በዚያ ዘመን ድኻ በቂሣርያ መንገድ ላይ ተኝቶ ቢገኝ ወዴት ልሂድ ለሚለው ጥያቄ ቦታው በእጅ ይጠቈምለት ነበር። በእጅ የሚጠቈም ቦታ ሳይኖር ተነሥ ብቻ ማለት ምን ዓይነት ትእዛዝ ነው?

ስለዚህ እኛ በዚያ ደብር ያለን ጥቂቶች ሁለት አሳብ ለሰበካው ጉባኤ አቀረብን። የመጀመሪያው እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚያድር ሰው መብል ወይም ልብስ አንሥቶ ቢገኝ፣ ወደ ክስ ከመኬዱ በፊት የምግባረ ሠናይ ክፍሉ የተበደለውን ሰው ጠርቶ የጠፋበትን ዋጋ በዚያው ቀን ይክፈለው። ያነሣውም ሰው ንስሓ አባት ይመደብለትና ግቢ በመጥረግ፣ ዕንጨት በመፍለጥ፣ ውኃ በመቅዳት ዕዳውን ቀስ እያለ ይመልስ፤ ዕዳው ሲያልቅም ሥራው አይቋረጥበት፣ ያን ጊዜ በደመወዝ ይሁን። በዚህ የእንጀራ ሻጯ እናት አትጐዳም፤ ልጁም ምጽዋት በልቶ ዝም አይልም። ሰባት እጥፍ አልጠየቅንም፤ ለአንድ እጥፍም እጃችን ይበቃ እንደ ሆነ እናያለን።

ሁለተኛው ከሐምሌ እስከ ጳጕሜን የሰንበት ትምህርት አዳራሹ ማታ ከሦስት ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈት የሚል ነው። በዚህ ላይ ብዙ ተነገረ። አዲሶቹ ወንበሮች ይበላሻሉ፤ ተባይ ይገባል፤ ሰካራም ይመጣል፤ ሴቶችና ወንዶች በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ያድራሉ? አንድ ሰው ቢሞትብንስ ማን ይጠየቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ዛሬም በምሥራቁ በር ሲሞቱ ማን እንደሚጠየቅ ግን አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ሆነው በቀስታ ጠየቁ፤ መልስ አልተሰጣቸውም። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ሊጠጉ ይችላሉ፤ ለሴቶች የመዘምራን ክፍሉ አለ፤ ዘበኛው ስለሚጨመርለት ገንዘብ ተነጋግረናል። አሮጌው ምንጣፍም አለ፤ በበረንዳው ላይ እንደ ተጠቀለለ ነው።

ጉባኤው የመጀመሪያውን አሳብ ተቀብሎ ጥቂት ገንዘብ መድቦለታል። ሁለተኛውን ግን በጥሞና ሊመረምረው ስለ ፈለገ ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላልፎታል። ስብሰባው የተቀጠረው ለመስከረም ነው።